ተከራዩ ጡረታ የወጣ ዕለት

«ባለቤቷ ነዎት?» የሚል የወጣት ድምፅ ከበሩ ላይ ሰማች። ወጥ ቤት ነበረች፤ እጆቿን ሳሙና ውስጥ ነክራ የቁርሱን ዕቃ ታጥባለች። በሩን የከፈተው ሰውዬ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ ገና አረፋ ነው፤ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። «የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። እኔ ተከራይ ነኝ፤ ቆይ ልጥራልህ» አለ። ኩባያው እጇ ላይ ቀረ። ቃሉ አዲስ አልነበረም፤ ራሷም ለጎረቤት፣ ለቆጣሪ አንባቢ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ዘመድ ስንት ጊዜ ብላዋለች። የዛሬው ግን ከሌላው ጊዜ ተለየባት። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሱ ስሙን የተጠየቀ ያህል ነው የመለሰው። እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ ለመዋሸት ስንት ዓመት መለማመድ እንደሚጠይቅ ስታስብ፣ ያለማመደችውም ራሷ መሆኗ ትዝ ሲላት፣ ቧንቧው በከንቱ እየፈሰሰ መሆኑን ረሳችው።

እጇን በሽርጧ እያደረቀች ወጣች። ልጁ ከጡረታ ቢሮ ነው የመጣው። በየዓመቱ የሟች ሠራተኛ ሚስቶች ቢሮ ድረስ እየሄዱ በሕይወት መኖራቸውንና አለማግባታቸውን ማረጋገጥ ነበረባቸው፤ ዘንድሮ ሠልፉ ስለበዛ ሠራተኞቹ ራሳቸው ቤት ለቤት እንዲዞሩ ተወስኗል። ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ሁለት ሦስቴ ጠራርጎ ገባና ከታብሌቱ እያነበበ ጠየቃት። «በሕይወት አሉ፤ ይሄ አያጠያይቅም» ብሎ ፈገግ አለ። «ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ትዳር አልመሠረቱም?» አልመሠረትኩም አለች። በጣትዎ ይፈርሙ አላት፤ ፈረመች፤ ፊርማዋ መስታወቱ ላይ ተንሸራቶ የልጅ ጽሕፈት መሰለ። ልጁ ሊወጣ ሲል አረፋውን ይዞ በረንዳው ጥግ የቆመውን ሰውዬ አየውና «እርስዎስ ዛሬ ሥራ የለም?» አለው። «ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ውሃ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው፤ ሊሸኙኝ ነው» አለ ሰውየው። «እንኳን ደስ ያለዎት። ከነገ ጀምሮ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት መዋልዎ ነው። አከራይዎ ኪራይ ይጨምሩብዎታል» ብሎ ሳቀ ልጁ። ሦስቱም ሳቁ። በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ ሳቁም ከልጁ ጋር ወጣ። ሰውየው ወደ መስታወቱ ተመልሶ የደረቀውን አረፋ በውሃ ማርጠብ ጀመረ። አንድ ነገር ልትለው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ሸሚዝህን ተኩሼዋለሁ፣ ወንበሩ ላይ ነው» የሚል ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

መጀመሪያ ሲመጣ እውነትም ተከራይ ነበር። ፖስታ ቤት ይሠራ የነበረው ባሏ ልጃቸው የወተት ጥርሷን ስትቀይር ነው በድንገት ልቡን ይዞት የሞተው። እሷ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የመጋረጃ ሥራ ደግሞ ሰው ቤት ሲቀይር ብቻ የሚመጣ ሥራ ነውና ቀዳዳ ለመድፈን የኋላውን ክፍል ልታከራይ ወሰነች። እሱ አንድ ሻንጣና አንድ ራዲዮ ይዞ መጣ። ኪራዩን በወሩ መጀመሪያ በር አንኳኩቶ ይሰጣት ነበር። ከዚያ አንድ ወር ላይ ኪራዩን መስጠት ትቶ ከገበያ ዘንቢል ተሸክሞ ገባ፤ መቼ እንደነበር ሁለቱም አያስታውሱም፤ ወይም እናስታውሳለን አይሉም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሚስት ሌላ ባል ካገባች የሟቹ ጡረታ ይቆማል። ጡረታው ትንሽ ቢሆንም ሳይቀር ይመጣል፤ ልጅ ደግሞ ታድጋለች። ስለዚህ «ትመረቅ» አሉ። ስትመረቅ «ሥራ ትያዝ» አሉ። ባንክ ተቀጠረች፤ «ትዳር ትያዝ» አሉ። አገባችና ከባሏ ጋር በብድር አፓርታማ ገዙ፤ የየወሩ ክፍያ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ፤ እናትየው የባሏን ጡረታ እንዳለ ለልጇ ማስተላለፍ ጀመረች። ልጅቷ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ቀጥሎ ዝም አለች፤ ቀጥሎ ዝምታው ልማድ ሆነ። ገንዘቡ የሚመጣው እናቷ ባል የሌላት በመሆኗ እንደሆነ ከሦስቱ አንዳቸውም ጮክ ብለው ተናግረው አያውቁም።

የኋላው ክፍል አልጋ እስከ ዛሬ ተነጥፎ ነው የሚኖረው፤ እንደ ሆስፒታል አልጋ የተወጠረ፣ ኪራዩ ከቆመ ወዲህ ማንም ያልተኛበት። አንሶላውን ግን በየጊዜው ታጥባዋለች። አቧራ ስለሚይዝ ነው ትላለች። ዛሬ ጠዋት ሰውየው ተላጭቶ ሲወጣ ያ አልጋ በተከፈተው በር በኩል ታያትና ዓይኗን መለሰች። እሱ ክራቫቱን እያስተካከለ «ይምጡ እንግዲህ» ብሎ በረንዳው ላይ ለጎረቤት በሚሰማ ድምፅ በአንቱታ አሰናበታትና ወረደ። እሷ አውቶቡሱ ይዞት እስኪሄድ ጠብቃ በሚቀጥለው ተከተለች። ለሠርግም ለለቅሶም ለሐኪም ቤትም የሚሄዱት እንደዚህ ነው፤ መንገዳቸው አንድ፣ ወንበራቸው ሁለት። የምትሄደውም እንደ አከራይ ነው። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ይዛ ልትወስዳቸው ቃል ገብታለች፤ ኬክም አመጣለሁ ብላለች።

የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶበታል። ግድግዳው እስከ ወገቡ በዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከመድረኩ ኋላ የከተማው የቧንቧ መስመር ካርታ ተሰቅሏል። ለስላሳው በሳጥን ተደርድሯል፣ ብርጭቆ ግን አልበቃም። እሷ ከኋላ በኩል፣ ከፓምፕ ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ አጠገብ ተቀመጠች። መድረክ ላይ የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ስለ ሰውየው ተናገረች። እዚህ ስሙ ሌላ ነው፤ ጋሼ ግፊት ይሉታል። በዓመት ፈቃዱ እንኳ ወደ ፓምፕ ጣቢያው እየደወለ «የውሃው ግፊት ስንት ደረሰ?» ስለሚል ነው። አንድ ጊዜ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ አፉ በማደንዘዣ ተሳስሮ ሳለ ወደ ጣቢያው ደውሎ «ግ... ግ...» ሲል ተረኛው ልጅ ወዲያው ገብቶት ቁጥሩን እንደነገረው ኃላፊዋ ስታወራ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ይህንን ታሪክ አታውቀውም ነበር። ያ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ሾርባ ያጠጣችው እሷ ናት፤ ታሪኩን ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው የሚያውቁት። እንግዳ ቤት የገባች ያህል ተሰማት።

ከዚያ የመድረኩ አጋፋሪ ማይክራፎኑን ተቀበለ። በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ የመደገፊያ ወንበር በሁለት ሰው ተሸክሞ ቀረበ። «አሁን እንግዲህ ከጋሼ ግፊት ጎን ቆሞ ስጦታውን አብሮ የሚቀበል የቤተሰብ አባል ወደ መድረክ እንጠራለን» አለ አጋፋሪው። ሰውየው ወደ እሷ አላየም። ዓይኑን ማይክራፎኑ ላይ ተክሎ ቆመ፤ እንዳያስጨንቃት ብሎ መሆኑ ገባትና ይብስ አንጀቷን በላው። ጉልበቷ እንደ መነሳት አለ። ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ እንደገና አስቀመጠችው። እነሳለሁ፤ ተነስቼስ? የጎረቤቷ ልጅ እዚሁ መሥሪያ ቤት የውሃ ቢል ክፍል ነው የሚሠራው፤ ዛሬ ማታ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ከሕንፃው ጡረታ ቢሮ ድረስ ስንት አፍ ነው? ጠዋት ፈርማለች፤ ፊርማዋ ገና አልደረቀም፤ ደግሞም የልጅቷ ክፍያ አለ። አንድ ሰው አሳለ፤ ሌላው ወንበሩን አንቋቋ። ጽዳት ሠራተኛዋ ዞር ብላ አየቻት፤ እሷ መሬቱን አየች። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ማይክራፎኑን ያዘና «የጋሼ ግፊት ቤተሰብ እኛ ነን» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ደግሞ ያስታውቃል። እሷም አጨበጨበች።

ጭብጨባው ሲያርፍ ጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ወንበሩ አዲሷ ክፍል ውስጥ ይገባ ይሆን? ጠባብ ናት ብሎኝ ነበር።»

«የምን አዲስ ክፍል?»

«እርስዎ አከራዩ አይደሉ እንዴ? ዛሬ ከሰዓት እኮ ነው የሚለቅልዎት። አልነገረዎትም?» ሴትየዋ ያበላሸች መስሏት ደነገጠች። «ይነግርዎታል። ጨዋ ሰው ነው፤ ኪራይ አያስቀርብዎትም።»

ሰውየውን ያገኘችው ከአዳራሹ ጀርባ፣ አሮጌ ቧንቧዎች ተከምረው ከሚገኙበት ግቢ ነው። ከሁለት ወጣቶች ጋር ፎቶ እየተነሳ ነበር። ሲያያት «መጡ?» አላት ፊቱን ፈታ አድርጎ፤ ወጣቶቹ ራቅ እስኪሉ ጠበቀች፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልራቁም። «ልትሄድ ነው?» አለችው። በዓይኑ ወደ ልጆቹ ጠቆማትና «ሰው አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኑር» አለች። ለእሱ ይህ አዲስ ነገር ነበርና ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አንዱ ቧንቧ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እስከ ዛሬ፣ ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባ ነበር» አላት። «ተከራይ ነው ብትይ ያምኑሻል። ከነገ ጀምሮ በፒጃማ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳገላብጥ ሲያዩኝስ? የዛሬው ልጅ በቀልድ ተናገረው እንጂ እውነቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ተከራይ የት ታይቶ ያውቃል?» ከሠራተኞች ቁጠባ ማኅበር ያጠራቀመውን እንደወሰደ፣ ክፍሏ ሩቅ እንዳልሆነች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ ሆኖ እንደሚመጣ፣ ልጅቷ ብድሯን ስትጨርስ ደግሞ የሚሆነው እንደሚሆን ነገራት። ሲናገር የፈረቃ ፕሮግራም የሚያስረክብ ይመስላል።

«የጡረታ ፎርምህ ላይ የትዳር ጓደኛ ብለው ሲጠይቁህ ምን አልካቸው?» አለችው።

«የለኝም ነዋ። ስሞት ጡረታዬም አብሮኝ ይሞታል፤ መንግሥት ያተርፋል።» ሊያስቃት ፈልጎ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አትሂድ ትይኛለሽ። አትሂድ ካልሽኝ ደግሞ አልሄድም።»

ከዚያ ጠበቀ። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ መጠበቁ ግን ከእጆቹ ያስታውቅ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንዱን በአንዱ ይዟቸዋል። ቃሉ አጭር ነው። ለልጅ ይባላል፣ ለእንግዳ ይባላል፣ በቀን ስንት ጊዜ ከሰው አፍ ይወጣል። «ምሳ እንኳ ሳትበላ ነው የምትሄደው?» አለች። እጆቹ ተላቀቁ። «እበላለሁ» አለና ሱሪውን አራግፎ ተነሳ።

ልጅቷ በሰዓቷ ደረሰች። ጋሼዋን አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ ነው የምትለው፤ ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነው፤ የሒሳብ ፈተና ስትወድቅ ከእናቷ ደብቆ የፈረመላትም እሱ ነው። የመኪናዋን የኋላ ወንበር አጥፋ የመደገፊያ ወንበሩን በግድ አስገባችው። ከሥሩ የታጠፉ ባዶ ካርቶኖች ነበሩ። እናትየው አየቻቸው፤ የባንክ ወረቀት የመጣባቸው ካርቶኖች ናቸው፤ ለኬኩ መደገፊያ ይሆናሉ ብላ አለፈች፤ ወይም እንዲያ ብላ ማለፍ መረጠች። ቤት ገብተው ምሳ በሉ። ኬኩን ቆረሱ። ልጅቷ ስለ አዲሱ አለቃዋ አወራች፤ እሱም ስለ ጥርሱ ታሪክ አወራላቸው፤ እናትየው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች አስመስላ ሳቀች፤ እውነትም ዛሬ ነው የሰማችው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶ ሟቹ የፖስታ ቤት ሰውዬ በጥቁር ሱፍ ሆኖ ያያቸዋል። እሱ ባለበት ክፍል ማንም የሆዱን አያወራም። ሳህኖቹ ሲነሱ ሰውየው «እንግዲህ» አለ። ልጅቷ ካርቶኖቹን ልታመጣ ወረደች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

የሰው ዕድሜ እንዲህ ቶሎ ይታሸጋል ብላ አስባ አታውቅም። አንድ ሻንጣ፣ የመፍቻ ሳጥን፣ ራዲዮው፣ ጥቂት ሸሚዝ። የሚያስቸግረው ለሁለት የማይከፈለው ነው፤ የመድኃኒት መሳቢያው፣ የመስታወቱ ጥግ ላይ የሚያስቀምጠው ምላጭ፣ እሱ የሚጠጣባት፣ ባደፈች ቁጥር እሷ የምታጥባት ኩባያ። እሷ ሸሚዞቹን እንደገና ታጣጥፋለች፤ የተጣጠፉትን። ልጅቷ ወደ ኋላው ክፍል ገብታ ከተወጠረው አልጋ ላይ ብርድ ልብሱን አነሳች። በኋላ የተገዛ ነው፤ ከሱቅ የመጣበት መታጠፊያ መስመር እስካሁን አልጠፋበትም። ልጅቷ መስመሩን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው። ምንም ሳትል መልሳ አነጠፈችው፤ በእናቷ አጠገብ አልፋ ወደ እናቷ መኝታ ክፍል ገባች፤ ከዚያ ጠርዙ የተሰፋውንና መኻሉ የሳሳውን አሮጌውን ብርድ ልብስ ይዛ ወጣች። ካርቶኑ ውስጥ በጥንቃቄ ከተተችው። እናትየው ሸሚዝ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ልጅቷ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ክዳኑን ዘጋች፤ በፕላስተር አሸገችው። ታውቃለች። እስከ የትኛው ብርድ ልብስ ድረስ ታውቃለች። እናትየውን ያሳፈራት የልጇ ማወቅ አልነበረም። ልጇ እያወቀች ይህን ሁሉ ዓመት ገንዘቡን የተቀበለችበትን ዝምታ ከማን እንደወረሰችው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ደረጃው ላይ የፊት ለፊቷ ጎረቤት በሯን ከፍታ አገኘቻቸው። «ተከራይሽ ሊለቅ ነው እንዴ? እንግዲያው ክፍሏን ለማንም እንዳትሰጪብኝ። የእህቴ ልጅ ሚስት አግብቶ ቤት ፍለጋ እግሩ ነቅቷል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያመሽም።» እሷ «እናያለን» አለች። ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ለጎረቤቲቱ እጅ ነሣ፤ ስላስቸገርኩ ይቅርታ አላት፤ ምን እንዳስቸገራት ግን ማንም አያውቅም።

መኪናው ውስጥ እሱ ከኋላ፣ ከወንበሩ ጎን ባለችው ጠባብ ቦታ ራዲዮውን ታቅፎ ተጣጥፎ ተቀመጠ። እናትየው ከፊት ናት። ልጅቷ ከዋናው መንገድ ወጥታ ማደያው ጋ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ባለው ኮረኮንች ገባች፤ መንታ መንገድ ላይ ደርሳ ሳትቆም የቀኙን ያዘች። ማንም መንገድ አልነገራትም። እናትየው እስከ ሦስተኛው መታጠፊያ ታገሠች።

«መንገዱን ታውቂዋለሽ» አለቻት።

ልጅቷ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። «የክፍሏ አከራይ የባንካችን ደንበኛ ናቸው።»

«እኔ ነኝ ፈልጊልኝ ያልኳት» አለ ሰውየው ከኋላ ቶሎ ብሎ። «ማለቴ... እኔ ነኝ፤ ስልክ ደውዬ...» እዚህ ላይ ተንተባተበ። ለተከራይነቱ ያልተንተባተበው ሰው ልጅቷን ለመሸፈን ሲዋሽ ተንተባተበ። እናትየው ወደ መስኮቱ ዞረች። ልጇን ልትቆጣት ፈለገች፤ ለመቆጣት ግን መጀመሪያ ሰውየው ባሏ መሆኑን ማመን ነበረባት፤ ይህን ለማመን ደግሞ አፏ ተሳስሯል። እናቷ ያልደፈረችውን ልጅቷ ሠራችው እንጂ ከእናቷ ሐሳብ የወጣ ምን አደረገች? ጡረታው እንዳይቀር፣ ሰው እንዳያውቅ፣ ሰውየው ይራቅ። ልጅቷ የጎደለውን ነው የሞላችው፤ እሷ ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ «አትሂድ» በማለት ፈንታ ምሳ ብላ ነው ያለችው።

ግቢው ብዙ ተከራይ ያለበት ነው። ክፍሎቹ በሁለት በኩል ተደርድረዋል፣ መኻል ላይ አንድ የጋራ ቧንቧ አለ፣ ከሥሩ ባልዲዎች ተራ ይዘዋል። አከራይዋ የቁልፍ ዘለላ በአንገቷ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴት ናት። «ልጅዎ ቀብዱን ጨርሳልዎታለች፤ የተባረከች ልጅ» አለችው በሩን እየከፈተች። ልጅቷም ልጁ አይደለሁም አላለች፤ እሱም ልጄ አይደለችም አላለም። ክፍሏ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ ይዛለች፤ ወለሏ ሲሚንቶ ነው፤ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ መስኮቷ ያለ መጋረጃ ወደ ቧንቧው ታያለች። የመደገፊያ ወንበሩን ሲያስገቡት ግማሽ ክፍሉን ያዘ። እናትየው በሩ ላይ ቆማ ባዶውን ወንበር ስታየው እሱ የተቀመጠበት መሰላት፤ ነገ ጠዋት፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት፣ ራዲዮው ጭኑ ላይ፣ ወደ ቧንቧው እያየ ግፊቱን ሲገምት። ቅዳሜ እስኪመጣ። አንድ ቅዳሜ ሳይመጣ ሲቀርስ፣ ማን ነው ሄዶ የሚያንኳኳው? እሷስ ምኑ ናት ተብላ ነው የምትጠራው፤ ለአከራይ ማን ይደውላል? በዚያ አዳራሽ የተጠራው የቤተሰብ አባል በቀብሩም ዕለት ይጠራል፤ ያን ዕለትም ከኋላ ተቀምጣ ይሆናል።

«መብራት በክፍል ነው» አለች አከራይዋ። «ውሃው ግን በሰው ቁጥር ነው የምናዋጣው፤ በኋላ ጭቅጭቅ አልወድም። ብቻዎን ነዎት አይደል?»

«አዎ፣ ብቻዬን...» ብሎ ጀመረ ሰውየው።

«ሁለት ነን» አለች እሷ።

አከራይዋ ከእሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ልጅቷ አየች። «ልጅቷም ልትኖር ነው?»

«ልጅቷ ቤት አላት። እኔና እሱ ነን። የሁለት ሰው ያስቡ።»

«ለኔ ምን ቸገረኝ፤ ብቻ ሦስተኛ እንዳይመጣ» አለች አከራይዋ። ቁልፉን ከዘለላው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ባልዲ ለሚያጋጩ ሴቶች ስትጮህ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ሦስቱ ቀሩ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ያለውን ላስቲክ ይዞ ቆሟል፤ አልቀደደውም፣ አልለቀቀውም። ልጅቷ የብርድ ልብሱን ካርቶን እንደታቀፈች ነው።

«እማዬ፣ ጡረታውስ?» አለች ልጅቷ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ፊቷ ቀላ፤ ልትመልሰው የፈለገች ይመስል ከንፈሯን ነከሰች።

«ነገ ሄጄ አስቆመዋለሁ» አለች እናትየው። እዚያ ላይ አላቆመችም፤ ካቆመች እንደማትቀጥል ታውቃለች። «ልንጋባ ነው እላቸዋለሁ። ቤቱን አከራዪው። የጎረቤታችን የእህት ልጅ አለ፤ አንድ ክፍል ሳይሆን ሙሉ ቤቱን ይውሰድ። የአባትሽ ቤት ነው፣ ኪራዩም ያንቺ ነው፤ ለክፍያሽ ከጡረታው ይሻልሻል።»

«አባዬ ቤት ውስጥ የማናውቀው ሰው ሊኖር?» አለች ልጅቷ። «አልጋው ላይ የማናውቀው ሰው ሊተኛ ነው?» ያን ብላ ቀና ስትል ዓይኗ ከሰውየው ዓይን ጋር ተጋጨ። ዓረፍተ ነገሩ ክፍሉ መኻል ቆሞ ቀረ። ሰውየው ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፤ የራዲዮውን ገመድ ይዞ ሶኬቱን ይፈልግ ጀመር፤ ሶኬቱ ዓይኑ ሥር ነበር። ልጅቷ ካርቶኑን አልጋው ላይ አኖረችው፤ ሁለት ጊዜ አስተካከለችው። እናቷ ወደ እሷ ልትራመድ ስትል ልጅቷ የመኪና ቁልፏን ከኪሷ አወጣች። «መኪናዋ መንገድ ዘግታለች» አለች። ወጣች። ጫማዋ ኮረኮንቹ ላይ ሲፈጥን ይሰማ ነበር፤ ከዚያ የመኪና በር ተዘጋ፤ ከዚያ ምንም አልተሰማም። ሞተር አልተነሳም።

ሰውየው ከሶኬቱ ቀና አለ። «ሂጂ እንጂ» አላት። «ታለቅስ ይሆናል።»

መሄድ እንዳለባት አጥታው አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ተጭኗት የዋለው ነገር ከላይዋ የተነሣ መስሏት ነበር፤ ለካ ትከሻ ብቻ ነው የቀየረው። ጠዋት ለዚህ ሰው ነበር፤ አሁን ውጪ፣ ዝም ባለች መኪና ውስጥ፣ መሪዋን ይዛ ለተቀመጠችው ልጅ ነው። ብትወጣ ደግሞ እንደምትለሰልስ ራሷን ታውቃለች። ልጅቷ አንዴ «እማዬ» ካለቻት፣ ይቅር እስቲ፣ ብድሩን እስክትጨርሺ ትላለች፤ አብራት መኪናው ውስጥ ትገባለች፤ ኬኩም ገና አላለቀም። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ታጠፈች። እጇን ዘርግታ የመስኮቱን ወርድ በስንዝር መለካት ጀመረች፤ ከግራው ጠርዝ፣ አውራ ጣቷን እያሳረፈች፣ ትንሿን ጣት እየዘረጋች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት።

«ከቧንቧው ቆመው ሁሉ ያዩናል። ቤት የተረፈኝ የመጋረጃ ጨርቅ አለ፤ ይበቃው እንደሆነ» አለች።

ልክ መኻሉ ላይ ስትደርስ ከውጪ ሞተሩ ተነሣ። እጇ መስኮቱ ላይ እንዳለ ቆመች። መኪናው ለትንሽ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ እያጉረመረመ ቆየ፤ ከዚያ ኮረኮንቹን እየፈጨ ወደ ወፍጮ ቤቱ በኩል ራቀ። ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠችው። ስንት ስንዝር እንደደረሰች ጠፍቷታል። ወደ ግራው ጠርዝ ተመለሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።